በማይል ዓለምን መዞር፦ ስቶፕኦቨር የሚባለው የቱ ነው?

በማይል (አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው በሚሰጡት የጉዞ ነጥብ) ዓለምን የሚያዞር ትኬት ስትቆርጡ ሁሉም ማረፊያ እኩል አይቆጠርም። በዓለም አቀፍ ጉዞ አንድ ከተማ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ ስቶፕኦቨር ነው፤ ከተፈቀደላችሁ የስቶፕኦቨር ብዛት ላይ ይቀነሳል። ከዚያ ካነሰ ትራንዚት ነው።

ፍራንክፈርት ጠዋት 12 ሰዓት ገብታችሁ በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት ብትነሱ 23 ሰዓት ነው። ከተማዋን ዞር ዞር ብላችሁ ታያላችሁ፣ ስቶፕኦቨራችሁም አይነካም። (የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን ያለ ሸንገን ቪዛ ከኤርፖርት መውጣት የለም።) እኔ ብሆን ስቶፕኦቨሩን ለቶኪዮ አስቀምጠው ነበር።

አቅጣጫም አለ። ወደ ምሥራቅ ከጀመራችሁ በምሥራቅ መቀጠል ነው፤ አትላንቲክንና ፓስፊክን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ታቋርጣላችሁ።

ታክሱን ደግሞ ማይሉ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም፤ እሱ ከኪስ ነው።