በዲ4 የተከፈተ ጨዋታ «ያስተኛል» ለምትሉ

ድሬ ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቼዝ ተዘርግቶ አንዱ የንግሥቷን ወታደር ወደ ዲ4 ከገፋ (የሰሌዳው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት) ከበው የሚያዩት «ያስተኛል» እያሉ ማጉረምረም ይጀምራሉ። ይሄንኑ ወሬ ይዘው ውድድር የሚገቡ ልጆች አሉ፤ ነጥብ የሚጥሉትም በእሱ ነው።

«ሲ4 ላይ ያለው ወታደር ነጻ ነው፣ ብላው!»

ነጻ አይደለም። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ዲ5፣ ነጭ ሲ4፤ የንግሥት ጋምቢት የሚባለው፣ ነጭ ወታደሩን እንደ ማባበያ የሚያቀርብበት አከፋፈት ይሄ ነው። መብላቱ ነውር የለውም፣ ትልልቆቹም ይበሉታል። ጣጣው የበሉትን አልለቅም ማለት ነው። ነጭ ኢ3 ሲጫወት ጥቁር በቢ5 ሊጠብቀው ይሞክራል፤ ነጭ ኤ4፣ ጥቁር ሲ6፣ ወታደሮቹ ቢ5 ላይ ይበላላሉ፣ ከዚያ የነጭ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ብቅ ትላለች። አሁን ኤ8 ጥግ ላይ ያለውን ግንብ እዩት። መስመሩ ወለል ብሏል! ግንቡን ለማዳን ፈረስ ወይም ቢሾፕ መገበር ግድ ነው። ስለዚህ ብላ፣ ግን ሲያስመልስህ አትሟገት፤ ኃይልህን አውጣ።

«መጨረሻው አቻ ነው።»

ይሄ ስም ያለምክንያት አልመጣም። በ1927 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ካፓብላንካና ተፎካካሪው አሌኪን ለዘውዱ 34 ጨዋታ ተጫውተው 25ቱ አቻ ወጥቷል፣ አብዛኛውም በዚሁ አከፋፈት ነበር። ግን አሌኪን ዘውዱን የነጠቀው እዚያው ነው። አሜሪካዊው ፊሸርም ዕድሜውን ሙሉ ኢ4 (የንጉሡን ወታደር ገፍቶ መክፈት) የሚወድ ሰው ሆኖ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ሬይክያቪክ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛው ጨዋታ ወደ ንግሥት ጋምቢት ገብቶ ሻምፒዮኑን ስፓስኪን ሲያሸንፍ ተሸናፊው ራሱ ከተመልካቹ ጋር አጨበጨበለት። እንዲህ ያለ ጨዋታ ያስተኛል?

«ዝግ ስለሆነ ቶሎ አደጋ የለውም።»

በስድስተኛው እርምጃ ትሸነፋለህ! ጥቁር ሲ4ን ሳይበላ ዲ5ን በኢ6 ሲደግፍ፣ ነጭ ቢሾፑን ጂ5 አውጥቶ የኤፍ6ን ፈረስ ከንግሥቷ ፊት ያስረዋል፣ ፈረሱ ከተነሳ ንግሥቷ ትጋለጣለች ማለት ነው፤ ጥቁር ሌላውን ፈረስ ዲ7 ላይ ያስቀምጣል። ዲ5 ላይ ወታደሮቹ ከተበላሉ በኋላ ነጭ «ፈረሱ ታስሯል» ብሎ በፈረስ ዲ5ን ይበላል። የታሰረው ፈረስ ግን መልሶ ይበላዋል፣ ነጭም በደስታ ንግሥቲቱን ይወስዳል። ያኔ የጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ላይ ቼክ ይላል። ነጭ የራሱን ንግሥት ከመሃል ከማስገባት ሌላ መውጫ የለውም፤ ሁሉም ተበላልቶ ሲያልቅ ጥቁር በአንድ ሙሉ ኃይል ይበልጣል። ውድድር ላይ የነካኸውን ትጫወታለህና፣ እጅህ ፈረሱ ላይ ከማረፉ በፊት ያቺን ቢ4 ፈልጋት።