ጥፋቱ የሆድ አይደለም፦ ስለ ረሃብ፣ ውፍረትና ዕድገት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማርኛችን ሆድ ላይ ብዙ ነገር ጭኗል። የሚባባው ሆድ ነው፣ ቂም የሚይዘውም ሆድ ነው። ብዙ የሚበላውን ሰው ደግሞ «ሆዳም» ብለን እንሰድበዋለን። የመብላትና የመጥገብ ዋናው ውሳኔ ግን የሚሰጠው አንጎል ውስጥ ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከዓይኖቻችን ኋላ ገባ ብሎ፣ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። ክብደቱ 4 ግራም ገደማ፣ መጠኑም ከትልቅ ባቄላ ብዙ የማይበልጥ ነው። ይህን ባለማወቃችን ሰው እንጎዳለን። ስለዚህ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ረሃብ ማለት ሆድ ባዶ ሲሆን ነው»

ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎችም ሊርባቸው ይችላል። ሆድ ሲጮህ የምንሰማው ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ጨጓራና አንጀት ምግብ በሌለበት ሰዓት ራሳቸውን ሲጠርጉ የሚወጣ ነው።

እርግጥ ጨጓራ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አግኝተውታል። ግሬሊን የለመድነውን የምግብ ሰዓት ጠብቆ ከፍ ይላል። ሁዳዴን የጾመ ሰው ይህን በራሱ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ በለመደበት ሰዓት፣ ሆዱን ይሞረሙረዋል። 5 ሰዓት ሲሆን ምንም ሳይቀምስ ቀለል ይለዋል። ሆዱ እኮ ከጠዋቱ ይበልጥ ባዶ ነው! ሲለምደው ደግሞ ያ ሰዓት ሳይታወቀው ያልፋል።

«ወፍራም ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው»

እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። የሚመረተው ከስብ ነው። «ስንቅ አለን፣ በቃ» የሚለውን ወሬ ለሃይፖታላመስ ያደርሳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ታሪክ ታተመ። ልጅቷ ዕድሜዋ 8 ዓመት፣ ክብደቷ 86 ኪሎ ነበር። ወንዱ ገና የ2 ዓመት ልጅ ሆኖ 29 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሁለቱም የሚሠራ ሌፕቲን ሳይኖራቸው ነው የተወለዱት። ስቡ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ወሬው አንጎላቸው ስለማይደርስ ሁልጊዜ ይርባቸዋል። ልጅቷ ሌፕቲን በመርፌ ስትጀምር የምግብ ፍላጎቷ ቀነሰ፣ ክብደቷም ወረደ። የተለወጠው ጠባይዋ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ችግር በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። በአብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን ሞልቷል፤ አንጎሉ ግን መልእክቱን በደንብ አይሰማውም። ምግብና እንቅስቃሴ ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። «ሆዳም» የሚለው ስድብ ግን ማንንም አያቀጥንም።

«ቀንሶ መልሶ የወፈረ ሰው ሰነፍ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች ለጥናት በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀነሱ። ሩብ የሚጠጋ ክብደታቸውን አጡ። ሰውነታቸው አርፎ ሲቀመጥ የሚያቃጥለው ኃይልም 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ይበርዳቸው ነበር፣ የሚያወሩት ስለ ምግብ ነበር፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነብቡ ነበር። አንጎል ስንቅ ሲጎድል ወጪ ይቆጥባል፣ ረሃብንም ይጨምራል። ቀስ ብሎ መቀነስ የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«ቁመት የዘርና የምግብ ጉዳይ ብቻ ነው»

ሁለቱም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ግን ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ የዕድገት ሆርሞን የሚለቀው በሃይፖታላመስ ትእዛዝ ነው፤ ብዙውንም የሚለቀው በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ሕፃን ሲተኛ ያድጋል የሚሉት እናቶች ልክ ናቸው።

«የሚያወፍረው ክኒን እንደ ቫይታሚን ነው»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ለመወፈር ተብሎ ከሚዋጡት አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ለብዙ ከባድ ሕመም የሚታዘዝ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ግን ስቴሮይድ ነው፤ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው። ምግብ ያስበላል፣ ፊትን ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ ልጆች ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት ዕድገታቸውን ይገታል።

የአክስቴ ልጅ ከሠርጓ በፊት «ትንሽ ሞላ ልበል» ብላ አራት ወር ዋጠችው። ጉንጯ ድቡልቡል አለ፣ እጅና እግሯ ግን ቀጠነ። ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላት ነበር። ከሠርጉ ማግስት ክኒኑን በአንዴ ተወችው። በሳምንቱ ያስመልሳታል፣ አቅም አጥታ ከአልጋ መነሳት አቃታት፣ ግፊቷ ወርዶ ራሷን ሳተች።

ምን ሆነ? ክኒኑ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት ሆርሞን ይተካል። ሃይፖታላመስ «ሞልቷል» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ። ክኒኑ ድንገት ሲቀር የሚያመርት የለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን መልሶ ጀመረላትና በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ አስቆማት።

አሁን እየዋጣችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ በራሳችሁ አታቁሙት። ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰዳችሁት ሳታፍሩ ንገሩት።