ስሟ ተሰርዞም ትታወቃለች

እዚህ ጅማ የጤና ጥናት ከሚሠሩ ልጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «የተሳታፊውን ስም ከኤክሴሉ ላይ ካጠፋሁ ዳታውን ለፈለግኩት ሰው መላክ እችላለሁ አይደል?»

አይቻልም። ስም ስለሌለው ብቻ መረጃው የሰውየው መሆኑ አይቀርም።

እስቲ አንዲት መስመር እንይ። ሴት፣ 43 ዓመት፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ፣ ባለፈው ወር መንታ የወለደች፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ። ስሟ የለም። ግን ቡና ላይ የተሰበሰቡ ጎረቤቶቿ ይህን ቢያዩ ማን እንደሆነች ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ለእሷ ደግሞ ይህ የትዳርና የኑሮ ጉዳይ ነው።

በስም ፋንታ ኮድ ብንሰጥስ? ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር እስካለ ድረስ ያው የግል መረጃ ነው። ዝርዝሩን ለብቻው መቆለፍ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ከሕጉ ግን አያወጣም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የበለጠ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል። ይህ ለሁሉም ጥናት አንድ ነው። ከጥናት ጥናት የሚለያየው ተሳታፊው የፈረመው የፈቃድ ቅጽና የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሰጠው ፈቃድ ነው። ቅጹ «ለዚህ ጥናት ብቻ» ካለ፣ ለሌላ ጥናት ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ኮሚቴው ተመለሱ።

ፈቃዱ ኖሮም ስትልኩ 43ን «ከ40 እስከ 49» አድርጉት። ወረዳውን በዞን ተኩት። መንታ መውለዷ ለጥናቱ ካላስፈለገ ጭራሽ አውጡት።