የሀሪኬን ፈጣን መጠናከር ምንድን ነው? ወሎንስ ምን ያገናኘዋል?

ጥቅምት ሲገባ የደሴ ሰማይ ይጠራል። ጉሙ ከጦሳ ላይ ይነሳል። ሐረጎን የሚወርድ ሹፌርም ፊቱ ያለውን መንገድ አጥርቶ ያያል። እኛ ክረምቱን ሸኝተን ፊታችንን ወደ አጨዳ ስናዞር፣ ካሪቢያን ባህር ላይ ግን የአውሎ ነፋሱ ወቅት ገና አላለቀም። ሀሪኬን የሚባለው ይህ የባህር አውሎ ነፋስ በአትላንቲክ ላይ የሚነሳበት ወቅት በፈረንጆቹ ጁን 1 ይጀምርና ኖቬምበር 30 ያበቃል። እጅግ ከሚፈሩት አንዳንዶቹ የሚነሱት በዚህ በመጨረሻው ሰሞን ነው።

ፍሎሪዳ ወይም ሂውስተን ዘመድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሀሪኬን በነፋሱ ፍጥነት ከምድብ 1 እስከ ምድብ 5 ይመደባል። ማታ ሲተኛ ዜናው «ምድብ 1» ብሎ ነበር። ጠዋት ሲነሳ «ምድብ 4» ይላል። በመሃል የሆነው ነገር ስም አለው፤ ፈጣን መጠናከር ይባላል።

መለኪያው ግልጽ ነው። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል በሚጠቀምበት ትርጉም፣ የአንድ አውሎ ነፋስ ፍጥነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 30 ኖት ከጨመረ ፈጣን መጠናከር ነው። በእኛ መለኪያ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። ግን የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ቀድሞ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጣሪያና ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

ደግሞ 55 ዝቅተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊልማ የተባለው አውሎ ገና ሀሪኬን እንኳ ሳይባል ተነስቶ በአንድ ቀን ምድብ 5 ገባ። በ2015 ከሜክሲኮ በስተምዕራብ ፓትሪሺያ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍጥነቱን በ190 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨመረ። በ2024 ሚልተን፣ በ2025 ደግሞ ጃማይካን የመታው ሜሊሳ ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። ሜሊሳ ጃማይካ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያች ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሀሪኬን ተመዝግቦ አያውቅም። ልብ በሉ፣ አራቱም የኦክቶበር ናቸው።

ለምን መጨረሻ ላይ? መልሱ ያለው ባህሩ ውስጥ ነው። ሀሪኬን የሚኖረው በሙቅ ውሃ ነው፤ የባህሩ ገጽ ቢያንስ 26 ዲግሪ ተኩል አካባቢ መሞቅ አለበት። ሙቀቱ ገጹ ላይ ብቻ ከሆነ ግን አውሎው ራሱን ያደክማል። ነፋሱ ባህሩን ያማስለዋል፣ ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፣ ምግቡም ይቋረጣል። ምዕራብ ካሪቢያን ላይ ግን በሞቃቶቹ ወራት ሁሉ የተጠራቀመው ሙቀት እስከ ኦክቶበር ድረስ ወደ ታች በጣም ጠልቋል። ስለዚህ ቢማሰልም የሚወጣው ሌላ ሙቅ ውሃ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ከባህሩ የተነሳው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል። መሃሉ ሲሞቅ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ከዙሪያው ያለው አየር ወደ ውስጥ ይጣደፋል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ደግሞ ከባህሩ የሚተነው ውሃ ይጨምራል። ዓይን የሚባለው ጸጥተኛው መሃል እየጠበበ ሲሄድ ዙሪያው ያለው ነፋስ ይፈጥናል። የዊልማ ዓይን ጠብቦ ጠብቦ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። ታች ያለው ነፋስና ላይ ያለው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ ከተለያዩ አውሎው ቀጥ ብሎ መቆም አያቅተውም ወይ? ያቅተዋል። ማታ ከማድቤት የሚወጣውን ጭስ አስቡት፤ ነፋስ ከሌለ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ነፋስ ካለ ይጋደማል። አውሎም ሲጋደም ሙቀቱ ይበተናል፣ ደረቅ አየር ይገባበታል። በወቅቱ መጨረሻ የላይኛው ነፋስ ስለሚበረታ ብዙዎቹ በዚህ ይሞታሉ። የላይኛው ነፋስ ለሁለት ለሦስት ቀን ዝም ያለ እንደሆነ ግን ከሥር ያ ሁሉ ሙቀት አለ። ፍንዳታው የሚመጣው ያኔ ነው።

እንዴት ይከታተሉታል? የመጀመሪያው ዓይን ሳተላይት ነው። ቬርነን ድቮራክ የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ በ1970ዎቹ ያወጣው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። የደመናውን ቅርጽና የጫፉን ቅዝቃዜ አይተው የነፋሱን ጉልበት ይገምታሉ። ችግሩ የላይኛው ደመና ልክ እንደ መጋረጃ ሥሩን ይሸፍናል። እሱን አልፎ የሚያይ ማይክሮዌቭ የሚጠቀሙ ሳተላይቶች አሉ። የተዘጋ የደመና ቀለበት በሥሩ ከታየ ባለሙያዎቹ ይነቃሉ። ግን እነዚህ ሳተላይቶች ዞረው እስኪመለሱ ሰዓታት ያልፋሉ፤ በዚያ መሃል ብዙ ነገር ይለወጣል።

ስለዚህ ሰው ይሄዳል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ተጠባባቂ አብራሪዎች በአራት ሞተር አውሮፕላን ቀጥታ ወደ አውሎው ዓይን ይበራሉ። የሚገቡበት ከፍታ ብዙ ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ከተሠራችው ደሴ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ላይ በትንሽ ፓራሹት የሚወርድ መሣሪያ ይጥላሉ። መሣሪያው ባህሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በራዲዮ ይልካል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ቁጥር የግፊቱ ነው። በባህር ጠለል ላይ የተለመደው 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። ዊልማ 882 ደርሶ ነበር፤ በአትላንቲክ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። (ስልካችሁ ባሮሜትር ካለው ደሴ ላይ 750 አካባቢ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ያ የከፍታችን ነው እንጂ የአውሎ አይደለም።) አውሮፕላኑ በተመለሰ ቁጥር ግፊቱ እየወረደ ከተገኘ አውሎው እየበረታ ነው።

አውሮፕላን ቶሎ አለመግባቱ ምን እንደሚያስከትል ኦቲስ የተባለው ሀሪኬን አሳይቷል። ኦክቶበር 24፣ 2023 ጠዋት ሜክሲኮ አጠገብ የነበረ መካከለኛ አውሎ ነው። የትንበያ ሞዴሎቹ እንዲህ ይበረታል አላሉም። ከሰዓት በኋላ አንድ አውሮፕላን ገባ፤ ያገኘው ከተጠበቀው እጅግ የበረታ ሀሪኬን ነበር። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ብሎ ኦቲስ ምድብ 5 ሆኖ አካፑልኮን መታ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለበት አካባቢ ለመዘጋጀት የቀረው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነበር። እንደ ኦቲስ ያለ ሀሪኬን ሰው የሚጎዳው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ የመሸሻውንም ጊዜ ይበላል።

ስለዚህ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ምድቡን ብቻ አትዩ። ማዕከሉ መግለጫ የሚያወጣው በየ6 ሰዓቱ ነው፤ የባህር ዳርቻ ማስጠንቀቂያ ካለ በመሃሉም ይጨመራል። ያለፈውን ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። ግፊቱ ስንት ወረደ? ነፋሱ ስንት ጨመረ? «ፈጣን መጠናከር ይጠበቃል» የሚል ከተጻፈ ምድብ 1 ቢሆንም ደውሉ። ውጡ ከተባሉ ዛሬውኑ ይውጡ።

አሁን ወደ አገራችን። ሀሪኬን ደሴ አይመጣም፤ የብስ ላይ ሲወጣ ምግቡ ይቋረጣል። ግን አትላንቲክን የሚያቋርጡት ብዙዎቹ አውሎዎች ዘራቸው ከአፍሪካ ነው። በክረምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ የአየር ሞገዶች አሉ፤ ከሚነሱባቸው ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በፈረንጆቹ 2000 በአትላንቲክ ሀሪኬን የሆነው አልቤርቶ መነሻው በሐምሌ መጨረሻ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተነሳ የነጎድጓድ ደመና እንደነበር ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከታትለው ደርሰውበታል። ጥቅምት ላይ ክረምታችን ሲወጣ ሞገዶቹም ይደክማሉ። የመጨረሻዎቹ ሀሪኬኖች ወደ ምዕራብ ካሪቢያን የሚጠጉት በከፊል ለዚህ ነው።

በእኛ በኩል የሚያሳስበው የዓረብ ባህር ነው። እዚያ ሳይክሎን ይባላል፤ ነገሩ ያው ነው። በፈረንጆቹ 2018 ሜኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች በዓረብ ምድረ በዳ ላይ ዝናብ አፈሰሱ። ሰው በሌለበት አሸዋ ሣር በቀለ፣ የበረሃ አንበጣም ማንም ሳያየው ተራባ። ትውልድ በትውልድ እየተተካ በየመን አድርጎ ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት በወሎ ቆላ ማሽላና ጤፍ ላይ ያረፈው መንጋ የዚያ ዘር ነው። ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ማሳውን ለማዳን የሮጠ ገበሬ ያስታውሰዋል።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 22፣ 2020፣ ጋቲ የተባለ ሳይክሎን ራስ ሐፉን አጠገብ ሶማሊያን መታ። በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ ከደካማ አውሎ ተነስቶ በሶማሊያ ከተመዘገቡት ሁሉ ጠንካራው ሆነ። የዓመት ዝናብ በሁለት ቀን ጣለ፤ ለአንበጣውም አዲስ መራቢያ ተፈጠረ። የዓረብ ባህር ሳይክሎን በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ ከግንቦት እስከ ሰኔ፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። መግለጫውን የሚያወጣው የህንድ የሜትሮሎጂ ተቋም ሲሆን፣ ፈጣን መጠናከርን የሚለካውም በዚያው በ30 ኖት ነው።