በፈር ምንድን ነው? ፋይሉ ሲገዝፍ አብሮ መግዘፍ አለበት እንዴ?

«ፋይሉ 10 ጊጋ ከሆነ በፈሩን 1 ጊጋ አድርገው፤ ይፈጥንልሃል።» ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ይህን ለጀማሪ ልጅ ሲመክር ሰማሁት። ልጁም ምስጋናውን አዥጎደጎደው። እኔ ግን ዝም ማለት አላስችል አለኝ።

በፈር በፕሮግራማችሁና በከርነሉ፣ ማለትም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ መካከል ያለ የሚሞሪ ማቆያ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ምን እንደሚቀንስ ነው። በፈር ምልልስ ይቀንሳል፣ በቃ። ፋይሉን አይሸከምም፣ ዲስኩንም አያፈጥነውም።

ከቦኖ ውሃ የቀዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በርሜል በኩባያ መሙላት የሚያደክመው ምልልሱ ነው። ስለዚህ ጀሪካን ይዞ መሄድ ነው። በርሜሉ ቢተልቅ ጀሪካኑ ያው ነው፤ ደጋግሞ መሄድ ነው እንጂ። ሮቶ ተሸክሞ ቦኖ የሚሄድ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

እስቲ እናስላው። አንድ የሪድ ጥሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከርነሉን «ከፋይሉ ቀድተህ ስጠኝ» የሚልበት አንድ ምልልስ፣ 0.2 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል እንበል። እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ ለስሌት ያህል ነው። 10 ጊጋውን አንድ አንድ ባይት እየቀዳችሁ ካነበባችሁ ወደ 10.7 ቢሊዮን ጥሪ ነው፤ ለምልልሱ ብቻ ከ35 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ሳትጠይቁት ለዓመታት ሲሰጣችሁ በኖረው 8192 ባይት ከቀዳችሁ 1,310,720 ጥሪ ይሆናል፤ ከሩብ ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። 1 ጊጋ ስታደርጉት ጥሪው 10 ይሆናል። ያተረፋችሁት እንግዲህ ያቺን ሩብ ሰከንድ ነው። ለሩብ ሰከንድ 1 ጊጋ ራም!

መካሪው ወንድማችን «ሩብ ሰከንድም ትርፍ ነው» ይለኝ ይሆናል። እሷም ቢሆን እጁ ላይ አትቀርም። ፋይልን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በተርታ ስታነቡ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀጣዩን ክፍል ቀድሞ ከዲስክ ያመጣል። በብዙ ማሽን ላይ የተለመደው መነሻ 128 ኪሎባይት ነው። እናንተ የመጀመሪያውን ጀሪካን ስትጠቀሙ ሁለተኛው እየተቀዳ ነው ማለት ነው። ሮቶ ከደቀናችሁ ግን ሮቶው እስኪሞላ ቤት ያለው ሰው ባዶ ድስት ጥዶ ይጠብቃል። በዚያ ላይ 1 ጊጋ ዳታ ከፕሮሰሰሩ ካሽ (እዚያው ካለችው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) ተርፎ ይፈሳል፤ ስለዚህ አሁን የተቀዳውን መልሶ ከራም መጎተት ሊኖር ነው። 10 ጊጋውን በአንድ ጥሪ ለሚመኙት ደግሞ፦ ሊኑክስ በአንድ የሪድ ጥሪ ከ2,147,479,552 ባይት በላይ አይሰጥም። ጠይቁት፣ ቆርጦ ይሰጣችኋል።

ማስረጃ ካስፈለገ ፋይል አንብቦ የሚያወጣውን ካት የሚባል ትእዛዝ ተመልከቱ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂኤንዩ ኮርዩቲልስ 9.5 (የሊኑክስ መሠረታዊ ትእዛዞች ስብስብ) የካትንና ፋይል የሚቀዳውን የሲፒን ንባብ ከ128 ወደ 256 ኪሎባይት አሳደገ። ሥራቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ለክተው ያረፉት 256 ኪሎ ላይ ነው። ጊጋ ያለ የለም። ከ10 እስከ 20 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ ታየ የተባለውም ካሽ ውስጥ ባለ፣ ማለትም ከርነሉ ቀድሞ ራም ላይ ባስቀረው ፋይል ላይ ነው።

«እኔ ግን ሞክሬው ፈጥኗል!» የሚለው መልስ ደግሞ የሚመጣው ከዚሁ ካሽ ነው። መጀመሪያ በ8 ኪሎ አስኬደው፣ ቀጥሎ በ1 ጊጋ አስኬደው፣ ሁለተኛው በረረ። ይበራላ! በመጀመሪያው ዙር ከርነሉ የቻለውን ያህል ፋይል ራም ላይ አስቀርቶታል። ውሃው ግቢ ገብቷል፤ ማን ቦኖ ይሄዳል? መለካት ከፈለጋችሁ በሁለቱ ዙሮች መካከል ካሹን አጽዱት። ድሮፕ ካሽስ የሚባለው የሊኑክስ ቅንብር ለዚህ ነው፤ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን ግን ያስፈልጋል። አደራ፣ ሰው የሚሠራበት ሰርቨር ላይ አትሞክሩት። ዳታቤዝ የምንጠብቅ ሰዎች እንዲህ ባለ «ሙከራ» ምክንያት ጠዋት ጠዋት ስልክ ይደወልልናል።

ዳታቤዝ ካልኩ አይቀር፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ሼርድ በፈርስ የሚባል ቅንብር አለ። እሱን አሳድጉ ቢባል ትክክል ነው፤ የራሙ ሩብ ጥሩ መነሻ ነው ይባላል። ምክንያቱም እሱ ተደጋግሞ የሚነበብ ገጽ የሚቀመጥበት ካሽ ነው። አንድ ጊዜ ተነቦ የሚታለፍ፣ እንደ ልጁ ያለ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም ክንውኑን የሚመዘግብበት) ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ምክሩ ከዚያ ተነስቶ ነው መሰለኝ ወደ ፋይል ንባብ የዘለለው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ኮዱን ሳየው ፋይሉን የሚያነበው ሪድላይንስ በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱን መስመር ሊስት ውስጥ ከቶ ሁሉንም ይዞ ይቆያል። በፈሩ ምን አጠፋ? ፋይሉ ላይ በፎር ዙር (ሉፕ) እየዞረ አንዱን መስመር ሠርቶ ቢለቀው ሚሞሪው ንቅንቅ አይልም።

አማርኛ ሲኖርበት ደግሞ ይብሳል። ፓይተን አንድን መስመር ሚሞሪ ላይ ሲያስቀምጥ ሁሉም ፊደሉ የእንግሊዝኛ ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ባይት ይመድባል። መሃሉ ላይ አንዲት «ሀ» ከገባች ግን የመስመሩ ፊደላት በሙሉ ሁለት ሁለት ባይት ይሆናሉ። የሎግ መስመሮቹ የደንበኛ ስም በአማርኛ ከያዙ ሊስቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በመስመር ማንበብም የማይሠራበት ጊዜ አለ። ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ፋይል ሆኖ ሙሉው 10 ጊጋ በአንድ መስመር ከተጻፈ፣ የፎር ዙሩ የመጀመሪያ «መስመር» ብሎ የሚያመጣላችሁ ፋይሉን በሙሉ ነው። ያኔ በባይናሪ፣ ማለትም ወደ ፊደል ሳይቀየር በጥሬ ባይቱ፣ ከፍታችሁ በቁራሽ ማንበብ ግድ ይላል። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው። 8192 ለሦስት እኩል አይካፈልም፤ 2730 ፊደል ገብቶ ሁለት ባይት ይተርፋል። ያለ ክፍት ቦታ በፊደል ብቻ የተሞላ ጽሑፍ ከሆነ የመጀመሪያው ቁራሽ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ሁለት ሦስተኛው እዚህ፣ አንድ ሦስተኛው እዚያ ይቀራል። እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ዲኮድ ካደረጋችሁ (ባይቱን ወደ ፊደል ከመለሳችሁ) ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። ኮዴክስ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው ኢንክሪመንታል ዲኮደር ትራፊዎቹን ባይቶች ይዞ ከቀጣዩ ቁራሽ ጋር ያገናኛቸዋል፤ እሱን ተጠቀሙ።