ማግኔቶኤሌክትሪክ ምንድን ነው? ማግኔትን በቮልቴጅ ብቻ ማዞር

እዚህ አዳማ ሞተር ጠምጣሚ ጋ ቆመህ ካየህ ግማሹ ገብቶሃል። ልጁ ጥቁር ብሎ ያረረ የፓምፕ ሽቦ እየመዘዘ "ከረንት በዝቶበት ነው" ይልሃል። ማግኔት በመብራት የምንሰራው እንደዛ ነው፣ መዳብ ትጠመጥማለህ፣ ከረንት ትለቅበታለህ፣ ግን ሽቦው ይግላል፣ ያ ሙቀት ደግሞ የከፈልክበት መብራት ነው (በአዳማ ፀሐይ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ማን ይፈልጋል)።

ማግኔቶኤሌክትሪክ የሚባሉት ክሪስታሎች ላይ ግን ማግኔቱን ለማዞር ቮልቴጅ ብቻ ነው የምትሰጠው። ከረንት በቧንቧ የሚፈሰው ውሃ ነው በለው፣ ቮልቴጅ ደግሞ ሮቶው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ያለው ግፊት፣ ቧንቧው ተዘግቶም ግፊቱ አለ አይደል? ክሪስታሉ ከረንት ስለማያሳልፍ ቮልቴጁን ስትገለብጥ ለቅጽበት ትንሽ ቻርጅ ይንቀሳቀሳል፣ በቃ።

ሀሳቡ የቆየ ነው። ፒየር ኩሪ፣ የማሪ ኩሪ ባል፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ገምቶት ነበር፣ ክሮሚየም ኦክሳይድ ላይ የተለካው ግን በ1960 ነው፣ እሱም በጣም ደካማ ሆኖ።

ለምን ከበደ? ተመራማሪዋ ኒኮላ ስፓልዲን በ2000 ጥሩ አድርጋ አስረዳችው። ፕላስና ማይነስ ጎኑ በቮልቴጅ የሚገለበጥ ክሪስታል ውስጥ የብረቱ (የሜታሉ) አቶም ከመሃል ትንሽ ሸሸት ማለት አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአቶሙ ዲ የሚባለው የውጪ ኤሌክትሮን ቦታ ባዶ ቢሆን ይመረጣል፣ ማግኔት ለመሆን ግን እዛው ቦታ ላይ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ያስፈልጋል። አንዱ ባዶ ወንበር ይፈልጋል ሌላው ሰው የተቀመጠበት።

መፍትሄ አንድ፣ ስራውን መከፋፈል። ቢስመዝ ፌራይት (የቢስመዝ፣ የአይረንና የኦክስጅን ክሪስታል) ውስጥ የሚሸሸው ቢስመዝ ነው፣ ማግኔቱን የሚይዘው አይረን፣ እና ይሄ በክፍል ሙቀት ይሰራል። ሁለተኛው እኔ የምወደው ነው፣ በንብርብር ኦክሳይድ። እዚህ የሜታሉ አቶም መሃል ሆኖ ስድስት ኦክስጅን እንደ ቤት ይከቡታል፣ እነዚህ ቤቶች ንብርብር ላይ ንብርብር ሆነው ሲደረደሩ ዘንበልም ዞርም ይላሉ፣ ሁለቱ እንቅስቃሴ ተደምሮ ነው ክሪስታሉን ፕላስና ማይነስ ያለው የሚያደርገው፣ ማግኔቱም የሚያዘነብለው በዚሁ ነው። ስለዚህ በቮልቴጅ አንዱን ከገለበጥክ ማግኔቱም አብሮ ሊዞር ይችላል ማለት ነው። በ2011 ቤኔዴክና ፌኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለካልሲየም ማንጋኔዝ ኦክሳይድ ይሄን በስሌት አሳዩ፣ ችግሩ ማግኔት የሚሆነው ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው።

በ2014 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ቢስመዝ ፌራይት ላይ ስስ የኮባልትና የአይረን ቅይጥ ማግኔት አስቀምጠው በክፍል ሙቀት በቮልቴጅ ብቻ ገለበጡት።

ለጠምጣሚው ልጅ ይሄን ሁሉ ስነግረው "ሽቦ ከቀረ እኛ ምን እንብላ?" አለኝ። አይዞህ አልኩት፣ ይሄ ለኮምፒውተር ሜሞሪ ነው፣ ናኖሜትር ነገር፣ ፓምፕ አያዞርም።