የውሻ ጆሮ ማሳከክ፦ መነሻው፣ አጸዳዱና መከላከያው

ውሻ በኋላ እግሩ ጆሮውን ደጋግሞ ሲፎክት፣ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ወይም ጆሮውን ምንጣፍ ላይ ሲያሻሽ ብዙ ሰው «ጆሮው ቆሽሿል» ብሎ ለማጽዳት ይቸኩላል። ቆሻሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ የችግሩ ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም። ችግሩን ሐኪሞች የውጭ ጆሮ መቆጣት ይሉታል፤ የቤት ውሾች ወደ እንስሳት ክሊኒክ ከሚወሰዱባቸው በጣም የተለመዱ ምክንያቶችም አንዱ ነው። ታክሞ ድኖ በወሩ የሚመለስ ጆሮ ካለ፣ ጀርሙ ተገድሎ ጀርሙን የጠራው ነገር ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው።

የውሻ ጆሮ አሠራር ራሱ ለዚህ ያጋልጠዋል። የሰው የጆሮ ቱቦ አጭርና ወደ አግድም የሚሄድ ነው። የውሻው ግን መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ ታጥፎ ታምቡሩ ጋ ይደርሳል፤ ርዝመቱ እንደ ውሻው ትልቅነት ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል። ጤነኛ ጆሮ ኩኩን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየገፋ ራሱን ያጸዳል። ቆዳው ሲቆጣ ይህ ሥራ ይቆማል፣ ኩኩ ይበዛል፣ እርጥበቱና ሙቀቱም ይታመቃል። ኮተን በድ ማስገባት የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ ያለውን ኩክ ከመታጠፊያው አልፎ ወደ ታምቡሩ ይጠቀጥቀዋል። ጆሮአቸው የተንጠለጠለ እንደ ኮከር ስፓንየልና ላብራዶር፣ ወይም የጆሮ ቱቦአቸው ጸጉር የሚያበቅል እንደ ፑድል ያሉ ውሾች በቀላሉ ይጠቃሉ። ጆሮው ቆም ያለ የሀበሻ ውሻ አየር ስለሚያገኝ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ከመዥገርና ከሣር እሾህ ግን አያመልጥም።

እየተመላለሰ ለሚመጣ የጆሮ ማሳከክ ትልቁ ምክንያት አለርጂ ነው። የጆሮ ቱቦ ቆዳ ነውና ሰውነቱ ሲያሳክክ ጆሮውም ያሳክካል። ውሻው መዳፉን የሚልስ፣ ብብቱና የጣቶቹ መሐል የሚቀላ፣ ፊቱን የሚያሻሽ ከሆነ ሁለቱንም ጆሮ እያጸዱ መኖር ዋጋ የለውም። አለርጂው ከአቧራ፣ ከአበባ ብናኝ ወይም ከምግብ ሊመጣ ይችላል። በምግብ በኩል በብዛት የሚጠረጠሩት የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። መለያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ውሻው በልቶት የማያውቀውን አንድ ሥጋና አንድ ማባያ ለ8 ሳምንት ብቻውን መስጠት። የተቀቀለ ዓሣና ድንች ለብዙ የከተማ ውሾች ይሠራል። ፈተናው የሚበላሸው ደግሞ በጓሮ በር ነው፤ ልጆች ብስኩት ይወረውራሉ፣ ጎረቤት አጥንት ይሰጣል፣ የወጥ ፍርፋሪ ይደፋለታል። ወጥ እንዲያውም በማንኛውም ጊዜ አይመከርም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ማሳከኩ ከቀነሰ የቀድሞው ምግብ ይመለስለታል፤ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸ ጥርጣሬው ተረጋገጠ።

ሌሎቹ መነሻዎች በአብዛኛው በዓይን ይታያሉ። መዥገር በጆሮ እጥፋትና በቱቦው አፍ ላይ መጣበቅ ይወዳል፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል፣ ነጭ ጋዝ አይቀባም። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ጨጎጊትና ጺማም የሣር ፍሬ ወደ ጆሮ ይገባል። ምልክቱ ድንገተኛ ነው፦ ደኅና የነበረ ውሻ ከሜዳ ተመልሶ አንዱን ጆሮ ብቻ ዝቅ አድርጎ በኃይል ማራገፍ ይጀምራል። ፍሬው ወደ ኋላ የማይመለስ እሾህ ስላለው በራሱ አይወጣም፤ ጎርጉሮ መፈለግም ታምቡር ያስቀድዳል፣ ስለዚህ ሐኪም በመሣሪያ እያየ ያውጣው። ውጭ የሚያድር ጀርመን ሸፐርድ ጆሮ ጫፉ ደምቶ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ደግሞ ነካሽ ዝንብ ነው፤ መድኃኒቱ ዝንብ ማባረሪያና የግቢውን ቆሻሻ ማንሳት ነው።

ጆሮውን ገልብጦ ማየትና ማሽተት ብዙ ይናገራል። ደረቅና ጥቁር፣ የቡና አተላ የመሰለ ኩክ በተለይ ቡችላ ላይ ከታየ የጆሮ እከክ ተባይ ይጠረጠራል። ጥቂቱን በጥቁር ወረቀት ላይ ዘርግቶ በደማቅ ብርሃን ማየት ነው፤ ነጫጭ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ቡናማ፣ ቅባታም፣ የቆየ ቡሆ የሚሸት ከሆነ ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ኖሮ የሚከረፋና ሲነካ የሚያስጮህ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው። ሐኪሙ በጥጥ ናሙና ወስዶ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ በደቂቃዎች ይለየዋል። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ በሚሄዱበት ቀን ጆሮውን አያጽዱ፤ ማስረጃው አብሮ ይታጠባል።

ማጽዳቱ ሥርዓት አለው። ለውሻ ጆሮ የተሠራ ማጽጃ ካለ ጠርሙሱን በእጅ ይዞ ለብ ማድረግ ነው፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውሻውን ያስደነግጠዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም አይቀርብም። የጆሮውን ቅጠል ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሲይዙት ቁልቁል ያለው ቱቦ ይከፈታል። ፈሳሹ አፉ ላይ እስኪታይ ይሞላል፤ ለመካከለኛ ውሻ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ጥቂት ጠብታ ብቻ ጠብ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፣ ታች አይደርስም። ከዚያ ከጆሮው ሥር ያለውን ጠንካራ ቱቦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ማሸት፤ ጭቃ የሚረገጥ የመሰለ ድምፅ ከተሰማ ፈሳሹ ደርሷል። ይለቀቅና ያራግፍ፣ ፎጣ ይዞ ፈንጠር ማለት ነው። የወጣውን በጣት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ወይም ጎዝ ጣት እስከሚደርስበት ብቻ መጥረግ። ጠብታ መድኃኒት ከታዘዘ 10 ደቂቃ ያህል ከደረቀ በኋላ ይደረጋል፤ በኩክ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ቆዳውን አያገኘውም።

ማጽጃ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ጉዳት የለውም፣ ቅባት ግን ብዙም አያሟሟም። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠቀም እርሾን ያዳክማል፤ ይህ ግን ቆዳው ላልቆሰለ ጆሮ ብቻ ነው፣ ቁስል ላይ ያቃጥላል። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሎሚ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይገቡም። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚሄድ፣ የሚንገዳገድ ወይም ፊቱ በአንድ ጎን የወደቀ ውሻ ችግሩ ከታምቡሩ አልፎበት ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይገባበት በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ጆሮው የታመመ ውሻ የዋህ ቢሆንም ይነክሳል። አፉን በሰፊ ፋሻ ማሰር ወይም አፈማ ማጥለቅ ውርደት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ንክሻ እንደ ዋዛ አይታለፍምና ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በመድኃኒት በኩል ትልቁ ጥፋት ከዛሬ ዓመት የተረፈውን ጠብታ ማንሳት ነው። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያሉት የባክቴሪያ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ ጆሮ አልፈው ሊያደነቁሩና ሚዛን ሊያሳጡ ይችላሉ። ሌላው ለከብት የተሠራው የተባይ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስላለው ለትንሽ ውሻ በጠብታ ስሕተት ከመጠን ያልፋል፣ ኮሊና መሰል ዘሮችን ደግሞ በአነስተኛ መጠንም ሊገድል ይችላል። ለጆሮ እከክ ተባይ ሴላሜክቲን ወይም ሞክሲዴክቲን ያለበት በጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ይሻላል። ተባዩ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ሕክምናው ያንን ዙር መሸፈን አለበት። ቤት ያለችው ድመትም አብራ ትታከም፣ ያለዚያ ከእሷ ይመለሳል። ለድመት ግን ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ያለበት የውሻ መድኃኒት መርዝ ነው።

የእርሾና የባክቴሪያ ሕክምና በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ስለሚቀንስ ብዙዎች እዚያ ያቆማሉ፤ የሚበቃው ግን ሐኪሙ ናሙናውን ደግሞ አይቶ ንጹሕ ሲል ነው። ችላ ሲባል ሁለት መዘዝ አለው። ውሻው ሲያራግፍ ደም ሥር ይበጠስና ጆሮው እንደ ትራስ ያብጣል፤ የተጠራቀመውን ደም ሐኪም ካላወጣው ጆሮው ጠውልጎና ተጨማዶ ይቀራል። ለወራት ከቆየ ደግሞ የቱቦው ግድግዳ እየወፈረ ይጠብባል፣ መጨረሻም ጠብታ የማያስገባ ድንጋይ መሰል ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቀረው ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው።

መከላከሉ ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ ጆሮውን ገልብጦ ማየትና ማሽተት፤ ሮዝ፣ ደረቅና ሽታ የሌለው ከሆነ ምንም አለማድረግ። ጤነኛ ጆሮን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ራሱ ቆዳውን አርሶ በሽታ ይጠራል። ኩክ የሚበዛባቸው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ የሚዋኙም ከዋና በኋላ ቢጸዱ በቂ ነው። ሲታጠብ በጆሮው አፍ ላይ የጥጥ ኳስ ማኖር፣ ሲያበቃ ማውጣትና በፎጣ ማድረቅ፤ ጥጡ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ በየወሩ ወይም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሳይቋረጥ ይሰጥ። ከጆሮው ሥር ያለው ጸጉር በመቀስ ያጥራል፤ ከቱቦው ውስጥ ያለውን መንጨት ግን ደኅና ጆሮን ያቆስላል፣ የሚነጨውም አየርና መድኃኒት ሲዘጋ ብቻ ነው።